እርሳስ የሌለበት እርሳስ

ሰፈሩ «ፕሮፌሰር» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት አንድ ታክሲ ነጂ ነው። ባትሪው ሞቶበት ሊያሠራ መጥቶ ስለ ባትሪ አፈጣጠር ግማሽ ቀን ሙሉ ሲሰማ ከዋለ በኋላ፣ «እሺ ፕሮፌሰር፣ አሁን መኪናዬ ይነሳል ወይስ አይነሳም?» ብሎ ጠየቀው። ሌላ ሰው ቢሆን ስድብ መሆኑ ይገባው ነበር። እሱ ግን እንደ ሽልማት ተቀብሎ በሱቁ በር ላይ በቀይ ቀለም አስጻፈው።

ሥራው የመኪና ባትሪ ማደስ ነው። የሞተውን ባትሪ ይቀበላል፣ ክዳኑን ይፈለቅቃል፣ አሲዱን ይደፋል፣ የተበሉትን ፕሌቶች፣ የውስጡን ዝርግ ብረቶች፣ አውጥቶ በአሮጌ ድስት ያቀልጣል። ከቀለጠው ላይ ደግሞ አዲስ ፖል አፍስሶ፣ ማለትም ሽቦው የሚታሰርበትን ጉጥ ሠርቶ፣ መልሶ ይተክላል። እጁ የተባረከ ነው፤ ይህን የሚጠሉትም አይክዱም። ጣጣው ያለው አፉ ላይ ነው።

አፉ አማርኛ ይንቃል። «ዝጓል» ማለት ለእሱ የተራ ሰው ወግ ነው፤ «ሰልፌሽን አድርጓል» ይላል። ውሃ እንኳ ውሃ አይደለም፣ «ዲስቲልድ» ነው። ድስቱ ውስጥ እንደ ወፍራም ወተት የሚንቀለቀለው ግራጫ ብረትም በእሱ ዘንድ ያለው ስም አንድ ብቻ ነው፤ «ሊድ»። የሙያ ጓደኞቹም ሊድ ነው የሚሉት፤ እነሱ ግን ብለውት ያልፋሉ። እሱ ምላሱን ከጥርሱ ኋላ አጣብቆ፣ ቃሉን ትንሽ አጣጥሞ ነው የሚለቀው። ይህ ብረት በእናቱ ቋንቋ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ጠይቆ አያውቅም። ምን አስጠየቀው? በእናቱ ቋንቋ የሚጠራ ነገር እኮ ክብር የለውም።

ሱቁና ቤቱ አንድ ናቸው። ፊቱ መንገድ፣ ጀርባው ሳሎን፣ መሃሉ ላይ ቀኑን ሙሉ የማይዘጋ በር። ድስቱ የተጣደው ከዚያ በር አጠገብ ነው። ሚስቱ በየማለዳው ከሶፋው ላይ ግራጫ አቧራ ታራግፋለች፤ አቧራው ከምሳ በፊት ተመልሶ ቦታውን ይይዛል። የሱ ቱታ ከልጅቷ ሹራብ ጋር በአንድ ሳፋ ይነከራል። ምሳ ሲደርስ እጁን ቱታው ላይ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ዳቦ ይቆርሳል፤ የመጀመሪያውንም ቁራሽ ለልጁ ያቀብላል። «ታጠብ እንጂ አንተ ሰውዬ!» ትለዋለች ሚስቱ። ለዚህም መልስ አያጣም፤ አሲድ የነካው እጅ ላይ ጀርም አያድርም። እንዲህ ያለ ንድፈ ሐሳብ ያለው ሰው ለምን ይታጠባል?

ልጅቷን ድንቢጥ ይሏታል። አንደኛ ክፍል ናት። ከዓለም ሁሉ የምትወደው ሁለት ነገር ነው፤ አባቷንና ስዕል። ሁለቱን ባንድ ላይ ለማግኘት ደግሞ ከበሩ ደፍ የተሻለ ቦታ የለም። ከትምህርት ቤት እንደመጣች እዚያ ቁጭ ትላለች፣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ትዘረጋለች፣ እርሳሷን በምላሷ ጫፍ እርጥብ ታደርግና ትስላለች። እሱም ድስቱን እያማሰለ በየመሃሉ ዞር ብሎ ያያታል። ስለዚህ ሰው ብዙ ክፉ ነገር ልናገር ነውና አንድ ደግ ነገር ከወዲሁ ልስጠው፤ ይህችን ልጅ ከነፍሱ አብልጦ ይወዳታል።

ድንቢጥ ሆዴን አለች። ቀጥሎ ምግብ ጠላች፣ ፊቷ ገረጣ። ፕሮፌሰር ሳይጠየቅ መረመረ፤ ሰኞ ጋዝ ነው አለ፣ ረቡዕ ደግሞ ኮሶ ነው አለ፣ ቅዳሜ እድገት ነው ብሎ ፋይሉን ዘጋ። ሚስቱ ግን ጆሮዋን ከሱ አፍ አነሳችና ልጇን ይዛ ክሊኒክ ሄደች። ልጅቷ ሽንት ሰጠች፣ ደም ሰጠች፤ እናትየዋ «ለውጤቱ ሁለታችሁም ኑ፣ አባትም እናትም» ተባለች። «ሁለታችሁም» የምትለዋ ቃል እንቅልፍ ነሳቻት።

በቀጠሮው ቀን ፕሮፌሰር የሠርጉን ሙሉ ልብስ ለበሰ። ክራባት አሰረ። በቱታ ሐኪም ፊት መቅረብ እሱን በመሰለ ሰው ደረጃ አይደለም።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ትምህርቷን ከዳር እስከ ዳር በባዕድ ቋንቋ ነው የተማረችው። ሰሞኑን ግን አንድ ሥልጠና ወስዳ ነበር፤ ሕመምተኛን በሚገባው ቋንቋ አናግሩ የሚል። ደግ ሥልጠና ነው። እንግዲህ ጉዱን ያፈላው ይኸው ደግነት ነው።

«የልጃችሁ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን አለ» አለች። «ኩላሊቷ ማስቀረት ያለበትን ያሾልካል ማለት ነው። ደሟን ስናየው ደግሞ እርሳስ ተገኝቶበታል። መጠኑ ዝቅተኛ ነው፤ ግን …»

«ዝቅተኛ!» አለ ፕሮፌሰር ወደ ሚስቱ ዞሮ። «ሰማሽ አይደል? በከንቱ ስትብከነከኚ!»

«ዝቅተኛ ማለት ደህና ማለት አይደለም፣ ጌታዬ። ልጅ ላይ ሲሆን ትንሽ ነው ተብሎ የሚታለፍ የለም። ኩላሊት ደግሞ እንደ ጥርስ አይጮህም፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየገባበት ዝም ብሎ ነው የሚጎዳው። አሁን ካቆምነው ያገግማል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ከቀጠለ ግን ስታድግ በምን ዓይነት ኩላሊት እንደምትኖር ቃል ልገባላችሁ አልችልም።»

ፕሮፌሰር ክው አለ። ድንቢጥ ወንበሩ ላይ እግሯን እያወዛወዘች የሐኪሟን ጆሮ ጌጥ ታያለች። እሱ ደግሞ እጁን ሰዶ ትንሿን ወገቧን ዳሰሰ።

«ቤታችሁ ውስጥ እርሳስ የሚነካ ሰው አለ?» ጠየቀች ሐኪሟ።

ይህ ቋንቋችን ለዚያ ለከባዱ ብረትና ልጆች ለሚጽፉበት እንጨት አንድ ስም ሰጥቶ አርፎ ተቀምጧል። ሐኪሟ ያለችው ብረቱን ነው። ፕሮፌሰር የሰማው እንጨቱን ነው። ሐኪሟ በባዕድኛዋ «ሊድ» ብላው ቢሆን ኖሮ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ በተነሳ። ግን በሚገባው ቋንቋ ነገረችው።

«ከእሷ በላይ የሚነካ የለም!» አለ ልጁን እያመለከተ። «ቀኑን ሙሉ ከእጇ አይለይም።»

የሐኪሟ ብዕር ቆመ። «ልጅቷ? ቀኑን ሙሉ?»

«አፏም ውስጥ ትከተዋለች። ስንቴ ተቆጣኋት መሰለዎት!»

«ኧረ እባክዎ! ማን ነው የሚሰጣት?»

«እኔው ነኝ የምገዛላት» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ሐኪሟ በሕክምና ሕይወቷ እንዲህ ያለ አባት አይታ አታውቅም። «ዛሬውኑ ከቤት ይውጣ! አንዲት ስባሪ እንዳትቀር። ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ እጇን ከመብላቷ በፊት እጠቡ፣ በደንብ ትብላ። ለመሆኑ ሥራዎ ምንድን ነው?»

ሚስቱ «ባት …» ብላ ጀመረች። ፕሮፌሰር በክርኑ ጎሸም አደረጋት።

«ኢነርጂ ላይ ነኝ» አለ፣ ክራባቱን እያቃና።

ሐኪሟ ሙሉ ልብሱን አየች፣ ክራባቱን አየች፣ የሆነ ቢሮ ውስጥ የሆነ ወንበር አለው ብላ አሰበች። እሷንም ዝም ብዬ አላልፋትም፤ «ኢነርጂ ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?» ብላ ብትጨምር ምላሷ አይቆረጥም ነበር። ግን ውጭ ያለው ወረፋ በሩን ያንኳኳ ነበር፤ እሷም ሰው ናት፣ ክራባት ታምናለች።

ቤት እንደደረሱ ዘመቻው ተጀመረ። ፕሮፌሰር የልጁን ቦርሳ ዘቀዘቀው። እርሳሱን ሁሉ፣ ባለቀለሙንም ጭምር፣ መቅረጫውን፣ ላጲሱን፣ የቀረጸችውን ልጣጭ ሳይቀር ሰበሰበ። ድንቢጥ ቀይዋን እርሳስ ከሶፋው ሥር ደብቃ ነበር፤ በደረቱ ተስቦ ገብቶ አወጣት። ከዚያም ይህን ሁሉ መርዝ የት ወስዶ ቢያቃጥለው ጥሩ ነው? ድስቱ ሥር። በልጁ እርሳስ እሳት ሊዱን አቀለጠ። ጭሱ በተከፈተው በር ወደ ሳሎን ገባ፤ ድንቢጥም እዚያው ቆማ እያለቀሰች ማገችው።

«ኧረ እኔም ስንት እርሳስ ቆርጥሜ ነው ያደግኩት» አለች ሚስቱ፣ ነገሩ አልዋጥ ብሏት።

«ለዚህ ነዋ!» አላት።

ልጁንም ተንበርክኮ አስጠነቀቃት። «ከዛሬ ጀምሮ እርሳስ አትነኪም። እርሳስ ኩላሊት ይበላል። ማንም ቢሰጥሽ፣ እኔም ብሰጥሽ እንኳ፣ እምቢ ትያለሽ። ምን ትያለሽ?»

«እምቢ» አለች ድንቢጥ፣ አፍንጫዋን እየሳበች።

በማግስቱ ማዕዘኑ ላይ ካለችው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ባለቤት ጋር ተጣላ፤ «ሕፃናት ላይ መርዝ ትሸጫለሽ» ብሎ በሰው ፊት አዋረዳት። ከዚያ ትምህርት ቤት ገባ። የድንቢጥ መምህርት ሁሉን ትዕግሥት በሞላበት ፊት ሰማችውና እንዲህ አለችው።

«የልጅቷ ነገር በጣም ያሳዝናል። ግን አባቷ፣ እርሳስ ውስጥ እኮ እርሳስ የለም።»

ፕሮፌሰር አተኩሮ አያት። «ምን አሉኝ?»

«እርሳስ ውስጥ እርሳስ የለበትም። መሃሉ ያለው ጥቁሩ ነገር የከሰል ዘመድ ነው። ሐኪሟ ሌላ ነገር …»

አላስጨረሳትም። ከት ብሎ ሳቀ። እየሳቀ ወጣ። ሱቁ ደርሶም ሳቁ አልበረደለትም፤ ባትሪ ለሚያመጣው ሁሉ ያንኑ ይተርካል። «ይኸውልህ ልጆቻችን በማን እጅ እንዳሉ! እርሳስ ውስጥ እርሳስ የለም አለችኝ! ነገ ደግሞ ወተት ውስጥ ወተት የለም ትለኛለች!» ደንበኞቹም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አገር ምድሩ በመምህርቷ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉ ሰው እውነቱን የተናገረችው እሷ ብቻ ነበረች።

እንዲህ ካለች መምህርት ጋር ልጁን የሚተው አባት አልነበረም። ድንቢጥን ከትምህርት ቤት አስቀራት። የት ትዋል ሲባል ለፕሮፌሰር መልሱ ግልጽ ነበር፤ እዚሁ፣ ዓይኑ ሥር፣ አንድም እርሳስ ዝር በማይልበት ቦታ። የበሩ ደፍ ላይ ፍራሽ አነጠፈላት። እሷም መጀመሪያ ሰሞን አኮረፈች፣ ስዕል እያማራት ግድግዳውን በጣቷ ትነካካለች። ኋላ ላይ ማኩረፏን ተወች። ከተከፈተው በር ጀርባ፣ በበሩና በግድግዳው መሃል ባለችው ጥግ ገብታ ብቻዋን ስታንጎራጉር ትውላለች። ሚስቱ ስትጠይቅ፣ «ተይያት፣ ለምዳዋለች» ይላል። ከበሩ ጀርባ ምን እንደምትሠራ ግን ዞር ብሎ አላየም። እርሳስ እንደሌላት ያውቃል፤ ሌላ ምን ያሳስበዋል?

ሆዷ ግን አልተዋትም። ሚስቱ አንድ ቀን ማለዳ ፖፖውን ስትደፋ ሽንቱ እንደ ሳሙና ውሃ አረፋ ሠርቶ አየችው። ቀጠሮው እስኪደርስ አልጠበቀችም፤ ባሏን ከነክራባቱ ጎትታ፣ ልጇን አዝላ ክሊኒክ ሄደች።

ሐኪሟ አዲሱን ውጤት አይታ ፊቷ ተቀያየረ።

«ጨምሯል» አለች። «አሁንም በጣም ብዙ የሚባል አይደለም፤ ግን መውረድ ሲገባው ወደ ላይ እየሄደ ነው። ኩላሊቷም እንደዚያው፣ የሚያሾልከው በዝቷል። ከቤት አውጡ ያልኳችሁን አላወጣችሁም።»

«አላወጣችሁም?» ፕሮፌሰር ብድግ አለ። «እኔ? ቤቴ ግቡና ፈትሹ! አንዲት እርሳስ የለችም! ላጲሱን ሳይቀር ነው ያቃጠልኩት!»

«ላጲስ?» አለች ሐኪሟ።

«መቅረጫውንም ጭምር!»

ሐኪሟ መነጽሯን አወለቀች። ከአባት ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ልጅ አየችና ቀስ ብላ እጇን ግንባሯ ላይ ጫነች።

«ጌታዬ፣» አለች፣ ሥልጠናውን ሁሉ ረስታ፣ «እኔ የምልዎት ሊድ ነው። ሊድ! ባትሪ ውስጥ ያለው!»

ሚስቱ አንገቷን ቀስ አድርጋ ወደ ባሏ አዞረች። በዚህ ጊዜ በክርኑ አልጎሸማትም።

«ባትሪ ነው የሚሠራው» አለች ለሐኪሟ። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «እቤታችን ውስጥ ያቀልጠዋል። እሷ እሱ አጠገብ ነው የምትውለው። እኔ ቱታውን ከሹራቧ ጋር ነው የማጥበው።»

ፕሮፌሰር ክራባቱን ነካ ነካ አደረገ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሐኪሟ ግን ለመሬትም ጊዜ አልሰጠችውም፤ ድስቱ ዛሬ ከዚያ ቤት ካልወጣ ልጅቷ ዛሬ ከዚያ ቤት ትውጣ አለች። የኩላሊቷንም ነገር ደግማ አልሸፋፈነችላቸውም። ያገግም እንደሆነ የሚታወቀው ወራት ቆይቶ ነው፤ እስከዚያ መጠበቅና መመላለስ ብቻ።

ቤት እንደገቡ ሚስቱ ሳትቀመጥ፣ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ ድስቱን በሁለት እጇ አንጠልጥላ ወጣችና ከመንገዱ ማዶ ከቆሻሻው ገንዳ አጠገብ ዷ አድርጋ ጣለችው። ተመልሳ ፕሌቱን ወሰደች። ተመልሳ ቱታውን ወሰደች። ፕሮፌሰር የሙያ ዕቃው አንድ በአንድ ሲወጣ ቆሞ አየ። በመጨረሻ እሱም አንዱን ባትሪ ሊያነሳ ጎንበስ ሲል፣ እነዚያን ሁሉ ዓመታት ሲዘጋ አይቶት የማያውቀውን የመሃሉን በር ገፋ አደረገው።

ከበሩ ጀርባ ያለው ግድግዳ በስዕል ተሞልቶ ነበር።

ነጩ ኖራ ላይ፣ ከወለሉ እስከ ድንቢጥ ቁመት ድረስ፣ ግራጫ መስመር በግራጫ መስመር ላይ። ወፎች፣ ቤቶች፣ ጆሮ ጌጥ ያደረገች ሐኪም። ከሁሉ በላይ የበዛው ግን አንድ ሰው ነው፤ ትልቅ ጭንቅላት፣ ትልቅ አፍ፣ እጁ ላይ ማማሰያ፣ ፊቱ ድስት፣ ከድስቱ የሚወጣ ጭስ፣ ከጭሱ ሥር ደግሞ ቁጭ ያለች ትንሽ ልጅ። ሁለቱም ይስቃሉ።

«ድንቢጥ» አለ። «በምንድን ነው የሳልሽው?»

ልጅቷ እጇን ከኋላዋ ደበቀች። «አልነካሁም አባዬ።»

«አልቆጣሽም። አሳዪኝ።»

እጇን ዘረጋች። መዳፏ ላይ ከድስቱ ጠርዝ ተንጠባጥቦ የደረቀ፣ በብዙ መሳል አንድ ጎኑ የሾለ ግራጫ ቁራጭ ነበር። የመዳፏ መስመሮች ሁሉ ግራጫ ሆነዋል።

«እርሳስ አይደለም እኮ!» አለች ቶሎ ብላ፣ እንዳይቆጣ። «ሊድ ነው። ያንተው ሊድ። ምራቅ ስታደርግበት ደግሞ ይበልጥ ይደምቃል፤ እይ።»

ወደ አፏ ስትወስደው እጇን ቀጨም አድርጎ ያዘው። ቁራጩ ወለሉ ላይ ወደቀ። ልጁን ከፍ አድርጎ ታቅፏት ወደ ቧንቧው ሮጠ። እጇን አጠበ፣ አፏን አጠበ፣ ምላሷን በጣቱ ጠረገ፣ የራሱን እጅ አየና እሱንም ታጠበ፣ እንደገና የሷን አጠበ። ድንቢጥ ጨዋታ መስሏት ትስቃለች። እሱ ያለቅስ ነበር። ይህን ሰው ሳሾፍበት ነው የቆየሁት፤ እዚህ ላይ ግን ማሾፉ ለእኔም አልሆነልኝም።

ኋላ ልጅቷን ለእናቷ አቀብሎ ከቤት ወጣ። ማዕዘኑ ላይ ያለችው ባለ ሱቅ ሲመጣ አይታ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«እርሳስ ስጪኝ» አላት፣ መሬት መሬት እያየ።

«መርዝ ነው አላልከኝም እንዴ ፕሮፌሰር?»

«አንቺ ሴትዮ፣ እባክሽ ዝም ብለሽ ስጪኝ።»

ፊቱን አይታ ዝም ብላ ሰጠችው። ቀዩን ነው የመረጠው፤ ከሶፋው ሥር በደረቱ ተስቦ ያወጣትን የዚያችን መንትያ። አስቀርጾ፣ ጫፏን በጣቱ ሞክሮ ተመለሰ።

ድንቢጥ እርጥብ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች ደጃፍ ላይ ቆማለች። እሱም ያን ጊዜ እንዳደረገው ፊቷ ተንበረከከ፤ እርሳሷን በታጠበ እጁ ዘረጋላት።

«እንኪ የኔ እናት። በዚህ ሳዪ።»

ልጅቷ እርሳሷን አየች። አባቷን አየች። ከዚያ፣ እንዳስተማራት፣ ሁለት እጇን ወደኋላ ደበቀች።

«እምቢ አባዬ። ይሄማ እርሳስ ነው።»